ፍሪጅ ላይ የሰነበተው የደረቴ ውጤት

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው የኩባንያው አውቶቡስ ከሥራ መልሶ ሰከኑ በር ላይ የሚያወርደን ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ስለነበር ነው። ሰከን የምንለው ኩባንያው ለሠራተኞቹ የተከራየውን ማደሪያ ነበር፤ ሪያድ ውስጥ ከፉጣ ሰፈር ጀርባ ያለ አሮጌ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት። ሃያ ስምንት ሴቶች እንኖርበታለን፣ ሁላችንም ኢትዮጵያውያን። ጠዋት ጠዋት ወደ ሴቶች ትምህርት ቤቶች እንበተናለን፤ ግማሾቻችን እናጸዳለን፣ ግማሾቻችን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይና ቡና እናቀርባለን። እኔ ከሻይ አቅራቢዎቹ ነበርኩ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ከወጥ ቤት ተጠራሁ።

«መምህርት፣ ነይ እስኪ፣ ወረቀት ተለጥፏል።»

መምህርት የሚሉኝ ዩኒቨርሲቲ መማሬን ስለሚያውቁ ነው። ማኔጅመንት ተምሬ ተመረቅሁ፤ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ሥራ ሳጣ ወደ ሪያድ መጣሁ። ዲግሪው እዚህ ለምንም አልሆነኝም። የጠቀመኝ ማንበብ መውደዴ ነው። ሻይ በማቀርብበት ትምህርት ቤት አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች አፍጥጬ ስመለከት አይታኝ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የተረፉ የንባብ መጻሕፍት ሰጠችኝ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለውን በሁለት ዓመት ጨረስኩት። ስለዚህ ሰከኑ ውስጥ የዐረብኛ ወረቀት ሲመጣ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ከእኔ በጣም የተሻለ ዐረብኛ ይናገራሉ፤ ከባለሱቅ ጋር ሲከራከሩ ላያቸው እዚያው የተወለዱ ይመስላሉ። ፊደሉን ግን አያውቁትም። እኔ ደግሞ አነባለሁ እንጂ አፌ አይፈታም። ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል። ማንበብ ግን የሰው ቃል ስለሆነ አያሳፍረኝም።

ወረቀቱ የተለጠፈው ፍሪጁ በር ላይ ነበር። የለጠፈው መንዱቡ ነው፤ የኩባንያውን ወረቀት ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የሚዞረው ሰው። ምግብና መጠጥ የሚነካም ሆነ ትምህርት ቤት የሚያጸዳ ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ የጤና ካርዱን ማሳደስ አለበት። ደም እንሰጣለን፣ ራጅ እንነሳለን። ውጤቱ ሲመጣ ሃያ ስምንት ሴት ተራ በተራ እየደወለች «የኔስ ወንድሜ?» ስትለው ስለሚሰለቸው፣ ዝርዝሩን እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ ልማዱ ነበር። ባለፈው ዓመት ሲለጥፍ እኔን በጣቱ እያሳየ «ይቺ ታንብብላችሁ፣ ኸላስ፣ በቃ» ብሎ ነው የሄደው። ያን ጊዜ ሁላችንም ደህና ስለነበርን ነውር ነው ያለ የለም። እኔም አላልኩም።

ሰባት ስምንት ሆነው ከበቡኝ። ስም እየጠራሁ ውጤቱን ማንበብ ጀመርኩ። «ላኢቅ።» ብቁ ማለት ነው። ስሟ የተጠራው «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችውም ሳትቀር። መካከላችን አንዲት ቀልደኛ ነበረች፤ የአንዲቱ ስም ተጠርቶ ላኢቅ ሲባል፣ «ትናንት ያን ሁሉ ሩዝ ብቻዋን የጨረሰችው? ሆዷንም ራጅ ያንሷት እንጂ» አለች። ተሳሳቅን።

አሥራ ዘጠነኛው ስም የኔ ነበር። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ከሌሎቹ ይረዝማል። ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ አየው፤ ደረት፣ ጥርጣሬ አለ፣ ምርመራው ይደገም።

«ላኢቅ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን አንዷን ቃል ብዋሽ ከእሷ በፊት ያነበብኳቸው አሥራ ስምንቱ ሁሉ ውሸት የሚሆኑ መሰለኝ። እነዚህ ሴቶች የሥራ ውላቸውን፣ የመድኃኒታቸውን ብልቃጥ፣ የኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ቀን ሁሉ በእኔ ዓይን ነበር የሚያዩት። አነበብኩት። መጀመሪያ በዐረብኛው፣ ቀጥዬ በአማርኛ። ከዚያ ሃያኛዋን ጠራሁ። የቀሩትን ጨርሼ ቀና ስል በግራና በቀኜ የነበሩት ሁለት ሴቶች አንድ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል።

ያገሬ ሰው «ደረት» ሲባል የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የጠጣሁበት ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ለብቻው ይቆማል። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ይሄዳል፣ ከኋላ ሦስቱ ተጣበው ተቀምጠው። ክፍል የምንጋራው ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እታለም ነበር የምላት። ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ፍራሿን እየጎተተች ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«አትቀየሚኝ እህቴ» አለች ወደ እኔ ሳታይ። «ሦስት ልጅ አለኝ።»

«አልተቀየምኩም እታለም» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

ልጅ ሳለሁ የሳንባ ምች ታምሜ ልሞት ደርሼ ነበር። ያን ጊዜ ያከመኝ ሐኪም ትንሽ ጠባሳ ሊቀር እንደሚችል ለእናቴ ነግሯት ነበር። ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አይደለም። የኔ ስለሆነ ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ሙሽሪፋዋ፣ ኩባንያው እዚያ ያስቀመጣት ተቆጣጣሪ፣ መጥረጊያ ይዛ ጠበቀችኝ። መምህራን ክፍል አትገቢም፣ ግቢውን ጥረጊ አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኋትም። ለመንዱቡ ደወልኩለትና ወረቀቱን እንዲያነሳው ለመንኩት።

«ሁሉም አይቶት የለም እንዴ?» አለኝ። «አሁን ባነሳው ምን ይጠቅምሻል?»

ቀልደኛዋ ወረቀቱን ልትቀደው ሄዳ እጇን ያዝኩት። «ተይው» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ስምሽን ፍሪጅ ላይ ማየት ወደድሽ? ከቲማቲሙ ጋር በረዶ ቤት እንክተትሽ?»

«የኩባንያ ወረቀት ቀደደች ብለው በኔ ላይ ነው የሚዞሩት።»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት። መጀመሪያ ወረቀቱን ከነማኅተሙ። ቀጥዬ ራቅ ብዬ ፍሪጁን በሙሉ፣ ወረቀቱ ምን ላይ እንዳለ እንዲታይ። ቀጥዬ ከበሩ ላይ ቆሜ ወጥ ቤቱንና ውስጡ ያሉትን ምድጃዎች፣ ስንት ሰው የሚገባበት ክፍል እንደሆነ እንዲታወቅ። ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ፍሪጁ ላይ ሰነበተ።

ድጋሚ ምርመራው የተደረገው በሌላ ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። «ልጅ ሳለሽ ታምመሽ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የቆየ ጠባሳ ነው። ደህና ነሽ» አለች፣ ፈረመችም። ላኢቅ።

መንዱቡ ያንን ወረቀት ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው። ይኸንንስ ፍሪጅ ላይ አትለጥፈውም ወይ ስለው ከልቡ ሳቀ። «ለምን? አሁን እኮ ደህና ነሽ።»

መጥፎውን ለሃያ ሰባት ሰው ያሳየ ሰው ደጉን ደበቀው። ወደ ሻይ ሥራዬም አልተመለስኩም፤ መምህራኑ ሰምተዋል፣ ይጠየፋሉ ተባልኩ። ልቤ የቆረጠው ያን ቀን ነው።

ዓርብ ዕረፍታችን ነበር። በተማሪ ደብተር ላይ ለሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚሰጥ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ፣ በዐረብኛ። አራት ጊዜ ቀድጄ በአምስተኛው ተሳካልኝ። ስድብ አልጻፍኩበትም። ምን እንደተለጠፈ፣ የት፣ ስንት ቀን፣ ከዚያ በኋላ ሥራዬ እንዴት እንደተለወጠ፣ ድጋሚ ምርመራው ምን እንዳለ። መጨረሻ ላይ ካሳ እንዲከፈለኝ፣ ወደ ሥራዬም እንድመለስ ጠየቅሁ።

ሰከኑ ሰማ። ከመንፉሐው ግርግር፣ ፖሊስ ኢትዮጵያውያንን እያፈሰ ካባረረበት፣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ ከመሥሪያ ቤት በር መራቅ ለኛ እንደ ጸሎት የሚያዘወትሩት ነገር ነበር።

«ኩባንያ ይከሰሳል እንዴ?» አለች አንዷ። «ኹሩጅ መትተው ነው የሚሸኙሽ።» ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ነው፤ ፓስፖርት ላይ ከተመታ አገር ቤት መግባት ብቻ ነው የሚቀረው።

«ይምቱት» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር።

«ሳል ካሳ የሚያስከፍል ከሆነ እኔንም አስልዪኝ» አለች ቀልደኛዋ። «ከነገ ጀምሮ እህ እህ እላለሁ።»

ሳቁብኝ። እታለም ግን አልሳቀችም። ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች።

ማመልከቻውን ወስጄ አስገባሁ። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ወገን ጠርቶ በስምምነት ለመጨረስ የሚሞክር ክፍል አለው፤ እንደኛ አገር ሽማግሌ መሆኑ ነው፣ ልዩነቱ ጠረጴዛና ማኅተም ያለው መሆኑ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ከኩባንያው ማንም አልመጣም። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ ተመለስኩ፤ አንድ ቃል ሳልናገር በመመለሴ ትንሽ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

የሁለተኛው ቀጠሮ ዕለት ጠዋት እታለም አባያዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ካንቺ ጋር» አለች። «ያላ፣ ሊሞዚኑ ቆሟል።» ሪያድ ውስጥ ታክሲ ሁሉ ሊሞዚን ነው የሚባለው፣ አሮጌው እንኳ ሳይቀር።

«ኹሩጅ እንዳይመቱብሽ፣ እታለም። ልጆች አሉሽ።»

«የልጆቹን ነገር አንቺ ተይልኝ» አለችኝ።

ኩባንያው የሕግ ሰው ልኮ ነበር፤ ወጣት፣ ሽቶ የተቀባ፣ የሚቸኩል። ጉዳዩን የያዙት ባለሥልጣን ጢማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ማመልከቻዬን አነበቡ፣ የስልኬን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ ወደ ሕግ ሰውየው ዞሩ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሰውየው። «ወረቀቱ የተጻፈው በዐረብኛ ነው። ሠራተኞቹ ዐረብኛ ማንበብ አይችሉም፤ ይህ የታወቀ ነው። ምስጢሯን ያወጣችው ራሷ ናት። ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ በገዛ አፏ አንብባላቸዋለች። ለዚህም የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ ከሠራተኞቹ ሰምታ የሰጠችው የጽሑፍ ቃል አለን። ኩባንያው ምን አጠፋ?»

ይህን አልጠበቅሁም። የደነገጥኩት እውነት ስለነበር ነው። ለሳምንታት ራሴን የጠየቅሁት እሱኑ ነበር፤ ለምን አነበብኩት? ባለሥልጣኑ እየጠበቁኝ ነበር።

«ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

ከዚያ በፊት በዐረብኛ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ በተከታታይ ተናግሬ አላውቅም። ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

«ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ለማን ለጠፉት?»

የሕግ ሰውየው ፋይሉን ማገላበጥ ጀመረ። እኔ ቀጠልኩ፤ አንዴ ከወጣ ወዲያ ማቆም አቃተኝ።

«እንደማነብላቸው ኩባንያው ያውቃል። ባለፈው ዓመት መንዱቡ ራሱ ‹ይቺ ታንብብላችሁ› ብሎ ሄዷል። አንብቢ ያለኝ እሱ ነው። ለእያንዳንዳችን የየራሷን ውጤት በእጇ ሰጥቶ ቢሆን የማንንም አላነብም ነበር። የኔንም የሚያውቅ አይኖርም ነበር። እኔ ባልዋሽ ጥፋቱ የኔ ነው?»

ባለሥልጣኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዐረብኛ የት ተማርሽ?»

«ትምህርት ቤት፣ ጌታዬ።»

«አገርሽ እያለሽ?»

«እዚሁ። ሻይ በማቀርብበት ትምህርት ቤት።»

«እንደ ንባብ መጽሐፍ ነው የምታወሪው» አሉና ፈገግ አሉ። «ልጆቼ እንዳንቺ ቢያወሩ ምን ነበረበት።»

የሕግ ሰውየው ጉዳት ደረሰ የሚያሰኝ ምንም የለም፣ ደመወዟም አልተነካም አለ። ያን ጊዜ እታለም ሳትጠየቅ ተነሳች። የእሷ ዐረብኛ በሰው ቤት ወጥ ቤትና በገበያ የተማረችው ነው፤ ይሮጣል፣ ይሰባበራል፣ ግን ሁሉም ይገባል።

«እኔ ልንገርህ ጉዳቱን» አለችው። «ከዚህች ልጅ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ኖሬአለሁ። በአንድ ብርጭቆ ጠጥተናል። ወረቀቱ የተለጠፈ ቀን ፍራሼን አራቅሁባት። የነካችውን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። እህቴ ናት፣ ወላሂ፣ እንደ ውሻ ነው የሸሸኋት። ጀነት የታመመን ለሚጠይቅ እንጂ ለሚሸሽ አይደለም እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህን አስደረገኝ ያ ወረቀት። ጉዳት ይህ ካልሆነ ምንድነው?»

ተቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። ወደ እኔ አላየችም። እኔም ወደ እሷ ማየት አልቻልኩም።

ባለሥልጣኑ ለሕግ ሰውየው ውጪ ወጥተህ ከአለቆችህ ጋር ተነጋገር አሉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ኩባንያው የሚስማማበትን ነገረን። ወደ ሻይ ሥራዬ ልመለስ፣ የሁለት ወር ደመወዝ ይከፈለኝ፣ ከእንግዲህ ወዲህ የማንኛዋም ሠራተኛ ውጤት በፖስታ ታሽጎ ለራሷ ይሰጥ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ ተባልኩ።

«ፋይሌን» አልኩ። «ሁለቱንም ውጤትና የራጁን ፊልም።»

«ፊልሙ ምን ያደርግልሻል?» አለ የሕግ ሰውየው።

«ደረቴ ነው» አልኩት።

ስምምነቱ ተጽፎ መጣና ብዕር ሰጡኝ። የሰከናችን ልማድ ማንበብ ሳይሆን መፈረም ነው፤ ሰውየውም ጣቱን መፈረሚያው ቦታ ላይ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ ከላይ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ገንዘቡ «ኢክራሚያ» ተብሎ ተጽፏል። ኢክራሚያ ጉርሻ ነው።

«ይህ ቃል ይለወጥ» አልኩ። «ካሳ ይባል።»

«ገንዘቡ ያው ነው እኮ።»

«ኢክራሚያ ሻይ ሳቀርብ ነው የሚሰጠኝ። ይህን ያገኘሁት ሻይ አቅርቤ አይደለም።»

ባለሥልጣኑ ወረቀቱን ለሰውየው መልሰው ገፉት። እንደገና ተጽፎ እስኪመጣ እታለም ከቦርሳዋ ቴምር አውጥታ አንዱን ሰጠችኝ፤ እሷም በላች። «መምህርት» አለችኝ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። አዲሱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ስሜን እስከ አያቴ በዐረብኛ ጽፌ ፈረምኩ። ለአሻራ ጣት የሚነከርበት ቀለም ከፊቴ ተከፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ ጣቴን ሳልነክርበት ከነክዳኑ ወደ ጎን አደረግሁት።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱን አልተሳፈርኩም። በሊሞዚን ወደ ሰናኢያ መንገድ፣ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። መንዱቡ የስምምነቱን ቅጂ ሳሳየው ፊቱን አዞረና «ከሰዓት በኋላ በሹፌር እልክልሽ የለም ወይ? አታምኚንም?» አለኝ።

«ፊርማውን አምናለሁ» አልኩት። «እጠብቃለሁ።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ፊልሙን በትልቅ ቡናማ ፖስታ፣ ሁለቱን ውጤቶች በሌላ አድርጎ አመጣ። ፊልሙን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩትና ጥግ ላይ ያለው ስም የኔ መሆኑን አየሁ። የጎድን አጥንቶቼ ነጫጭ ሆነው ይታያሉ፤ በግራ በኩል ትንሽ ደመና የመሰለች ነገር አለች። መረከቤን ፈርሜ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። ሙሽሪፋዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «አርፍደሻል» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ጉዳይ ነበረኝ።»

ፖስታዎቹን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ገባሁ።